በእሱ ስም ይውጣ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ጁነይድ፣ ስልክህ ሞልቷል። ቻርጀሩን ከአልጋህ ሥር ወስጄዋለሁ፣ ብትፈልገው የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ትናንት ከሥራ ኤጀንሲው ቴክስት መጣልህ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሰንሻይን መጋዘን ሺፍት አለ፣ ትችላለህ ወይ ይላል። አልችልም ብዬ መለስኩልህ። ዝም ካልናቸው ከዝርዝሩ ያወጡሃል፣ አንተው ነህ የነገርከኝ።

ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተና አምልጦኛል፣ ሌላ ቀን ትፈተናለህ አሉኝ። የምታማክረኝ ሚስ ደብተር ሰጠችኝና የመጣልህን ጻፍ አለች። እንግሊዝኛ ከሆነ እንዳሳያት ትፈልግ ይሆናል ብዬ በአማርኛ ጀመርኩ። የቅዳሜ ትምህርት ቤቱ እትዬ በለጥሻቸው ብታየው በቀይ እስክሪብቶ ትጨርሰው ነበር።

የለቅሶ ሰው ትናንት አለቀ። ምንጣፎቹን ወደ መስጊድ መለስን። ዛሬ ሊፍት ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ቆመው ነበር፣ እኔ ከኋላቸው መሆኔን አላዩም።

«ዝናብ ነው አሉ የገደለው። ዝናብ ሰው ይገድላል እንዴ?»

«ዝናቡ አይደለም፣ የሣሩ ብናኝ ነው። እዚህ ሜልበርን ነጎድጓድ ሲመጣ ያደቅቀውና ይበትነዋል። አስም ያለበት ሰው አይችለውም።»

«ሃያ አራት ዓመቱ እኮ ነው።»

«ታናሹ አንድ ቀን አላለቀሰም አሉ።»

«እሱን ነው መፍራት።»

አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቅርታ ብዬ በመሃላቸው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

እማዬ ዛሬ ገንዘቡን አወጣችው። ከመስጊድ፣ ከየፎቁ፣ ከአስኮት ቬል ሰው ያመጣው ነው። ለራሷ እንደማታደርገው ከመጀመሪያው ቀን ተናግራለች። ወሎ፣ ወረባቦ ውስጥ፣ እሷ በተወለደችበት ቀበሌ፣ ድርጅት ቆፍሮት የሄደ የውሃ ጉድጓድ አለ። ፓምፕ ስለሌለው አፉ በድንጋይ ተዘግቶ ቀርቷል። ሰደቀተል ጃሪያ፣ የማይቋረጥ ምጽዋት፣ ይሁንለት፣ ውሃው በፈሰሰ ቁጥር አጅሩ ይድረሰው ትላለች። ረመዳን ሳይገባ እንዲፈስ ትፈልጋለች። ረመዳን በፌብሩዋሪ ነው።

ፓምፑን የምትገዛው ነስሪን ናት፣ የአክስታችን ልጅ፣ ዱባይ የፓምፕ ሱቅ ውስጥ የምትሠራዋ። ሻጩ ዩኤስዲቲ ይቀበላል። አንተ ባለፈው ዓመት ለሷ የላክህላት ዓይነት፣ ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል የሚሄደው ክሪፕቶ።

«በኔ አካውንት አይገባም» አለች እማዬ።

«ለምን?»

«ወለድ አለበት። ለልጄ ሰደቃ ወለድ አላደባልቅም። ደሞ ድጎማ የሚሰጠኝ ሴንተርሊንክ ከየት አመጣሽው ብሎ ቢጠራኝ ምን እላለሁ?»

«በጋሼ አብዱልቃድርስ?»

«የወንድሜም ወለድ አለው። ቤት ሊገዛ የሚያጠራቅምበት ነው።» ገንዘቡን በፎጣ ጠቀለለችው። «የልጄ አለ አይደል? እሱ ወለዱን አስቀርቶታል። በእሱ ስም የተሰበሰበ በእሱ ስም ይውጣ። ካርዱ አንተ ጋ ነው?»

«አዎ።»

«ኮዱን ታውቀዋለህ?»

«አዎ።»

አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ መሰለኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ጥሩም ነው። ሌላ ሰው አያደርገውም፣ አንተ ያስተማርከው እኔን ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

ሎንድሪ ወርጄ ስጠብቅ ያስተማርከኝን በሙሉ ለማስታወስ ሞከርኩ። እዚያው ነበር ያስተማርከኝ፣ ማድረቂያው ላይ ተቀምጠህ። እኔ ደብተር ይዤ ነበር።

«ምን ትጽፋለህ?»

«የምትለውን።»

«አትጻፍ፣ ስማ። መጀመሪያ የጠፋብኝን ልንገርህ።»

ክሪፕቶ ከምትገዛበት ኤክስቼንጅ ነው የምንደውለው ብለው ደወሉልህ። አካውንትህ አደጋ ላይ ነው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረን አሉህ። ነገርካቸው። የሁለት ሳምንት ደሞዝህ ሄደ። ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፣ እኔ ግን ያኔ ለምን ሁለት ሳምንት ዳቦና ሻይ ብቻ እንደበላህ ገባኝ።

«ስለዚህ» አልክ፣ «ቀድሞ የሚደውልልህ ሌባ ነው። ቀድሞ የሚጽፍልህም ሌባ ነው። ሰላምታው ባማረ ቁጥር ሌብነቱ ይጨምራል። በመንግሥት የተመዘገበ ኤክስቼንጅ ካልሆነ አትግባ፣ መመዝገቡን ደግሞ ከራሱ አትጠይቅ፣ ከመንግሥት ድረ ገጽ እይ። በተላከልህ ሊንክ አትግባ፣ ስሙን በጣትህ ጻፍ። ኮድ ለማንም አትንገር። ለኔም።»

«ላንተም?»

«እኔ ነኝ ብሎ ቢደውልልህስ?»

ከዚያ ስለ ኔትወርክ ጠየቅኩህ። ገንዘቡ የሚሄድበት መስመር ነው፣ የላኪውና የተቀባዩ አንድ ካልሆነ ይጠፋል አልከኝ። «በሃምሳ ሰባት ቁጥር ትራም ተሳፍረህ ኤርፖርት ዌስት አውርዱኝ ብትል ማን ያወርድሃል?» መጀመሪያ ትንሽ ላክ፣ ደረሰኝ ሲሉህ ሌላውን ላክ አልክ። የመጨረሻው ደግሞ ኤክስቼንጅ ገበያ ነው፣ ቤት አይደለም የሚለው ነው። ገዝተህ ትወጣለህ፣ ገንዘብህን እዚያ አታሳድርም።

ሌላም ነገር ብለሃል። ማድረቂያው ሲጮህ አልሰማሁትም።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ሰንሻይን ሄድኩ። ገንዘቡን በባንኩ ማሽን አንተ አካውንት ላስገባ። እዚህ ፍሌሚንግተን ላደርገው እችል ነበር፣ ግን ሰው ያየኛል።

የለቅሶ ሰው ገንዘብ አጣጥፎ ነው በእጅ የሚያስጨብጠው። ማሽኑ የታጠፈውን ሁሉ ይተፋል። አንድ በአንድ በጉልበቴ ላይ አቃናሁ። ከኋላዬ ሰልፍ ሆነ። አንዱ ሰውዬ «ባንክ ዘርፈህ ነው ወይስ ልትዘርፍ?» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ደረሰኙ ላይ ስምህ አለ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

ዛሬ ጀመርኩ። ኤክስቼንጁ ላይ ኢሜይልህን አስገባሁ። ፓስዎርድህ አሁንም የእማዬ ስም ነው፣ ቀይረው ብዬህ ነበር። ኮዱ ወደ ስልክህ መጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። ከዚያ ተከፈተና በእንግሊዝኛ «እንኳን ተመለስክ፣ ጁነይድ» አለ።

ትንሽ አየሁት።

ከባንክህ ወደ ኤክስቼንጁ ሃምሳ ዶላር ላክሁ። ባንኩ ወዲያው ቴክስት አደረገ። ይህን ክፍያ ያዘዝከው አንተ ነህ? አዎ ወይም አይደለም ብለህ መልስ። አዎ አልኩ። ብዙ ጊዜ ያልላክህበት ቦታ ስለሆነ አንድ ቀን እንይዘዋለን አሉ። ከዚያ በኋላም ትልቁን ገንዘብ ስትልክ እንዲሁ እንይዛለን አሉ። ጥሩ፣ ይያዙት።

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

ገባ። ዩኤስዲቲ ገዛሁ። ነስሪን የላከችልኝን የዋሌቷን፣ የክሪፕቶ ቦርሳዋን፣ አድራሻ ኮፒ አደረግኩና ደወልኩላት፣ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ፊደሎች እንድታነብልኝ።

«ቲ፣ የተማም ቲ። ቀጥሎ ኬ፣ የከድር ኬ፣ ትልቁ። ከዚያ ሰባት። እስከ የት ነው የማነበው ልጄ? እንደ ቁርአን ላኸትመው ነው?»

«መጨረሻውንም።»

«ኧረ እንደ ጁነይድ ነህ! እሱም እንዲሁ ያስነብበኝ ነበር፣ አላህ ይዘንለትና። ሚም፣ አይ፣ ኤም ማለቴ ነው። ዘጠኝ። ትንሿ ኤፍ።»

ኔትወርኩንም ጠየቅኳት። አንድ ነው። ላክሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሳቅ ያለበት ድምጽ መጣ፣ «ደረሰ፣ ለሻይ ነው?»

ሠርቷል ጁነይድ። አንድም ቦታ አልተሳሳትኩም።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

ሬስኮርስ ሮድ ላይ ሔኖክን አገኘሁት፣ አብሮህ መጋዘን የሚሠራውን።

«ሪዱ፣ ክሪፕቶ እየገዛህ ነው አሉ። ማን አስተማረህ?»

«ጁነይድ።»

ጫማውን አየ። «እኔ ጋ ቀላል መንገድ አለ። የቴሌግራም ግሩፕ ነው። መታወቂያ የለ፣ ፊት ማሳየት የለ። ካሹን ትይዛለህ፣ ሰውዬው ፓርኪንግ ላይ ይቀበልሃል፣ ወዲያው ዋሌትህ ውስጥ ታየዋለህ።»

«ሰውዬው ማነው?»

«ሐበሻ ነው።»

«ስሙ?»

«አድሚን ነው የምንለው።»

«አድሚን የሚባል ሐበሻ አላውቅም።»

ሳቀ። «ቁርጥ ወንድምህን። እሱም ያለ ደረሰኝ ውሃ አይጠጣም ነበር። ጀነት በር ላይም መታወቂያችሁን አሳዩኝ ሳይል አይቀርም።» ከዚያ እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ይቅርታ ሪዱ። ከአፌ አመለጠኝ።»

«ምንም አይደል።»

ምንም አልነበረም። ማታ አድሚን የተባለው ራሱ ጻፈልኝ። ሰላም ወንድሜ፣ ለቤተሰብህ መጽናናት እመኛለሁ ብሎ ነው የጀመረው። ብሎክ አደረግኩት።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ግማሹን ላክሁ። ባንኩ ያዘው፣ ጠየቀኝ፣ አዎ እኔ ነኝ አልኩ፣ ለቀቀው። ገዛሁ፣ ወደ ነስሪን ሄደ። ቀብድ ከፍላ ፓምፑን አስያዘችው። ፎቶ ላከች። ከነሶላሩ ነው፣ ከሣጥኑ ጋር ቁመቷን ተለካክታ ቆማለች።

እማዬ ፎቶውን ለሚመጣው ሰው ሁሉ ታሳያለች። «ሪድዋን ነው የጨረሰው» ትላለች። አልጨረስኩም። ሌላው ግማሽ አለ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 20

ሌላውም ግማሽ ኤክስቼንጁ ገባ። ዩኤስዲቲ ገዛሁበት። ነገ እልካለሁ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 23

ነስሪን ቀሪውስ አለች። ባንኩ ይዞት ነው አልኳት።

ባንኩ ቅዳሜ ነው የለቀቀው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 28

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ጠዋት ስነሳ ሎግኢን አደርጋለሁ፣ ማታም። የምሠራው ነገር የለኝም፣ ገንዘቡ መኖሩን ለማየት ነው። ስልክህ ይነዝራል፣ ኮዱን አስገባለሁ፣ እንኳን ተመለስክ ይላል። መጨረሻ የገባህበት፦ ዛሬ፣ ሜልበርን ይላል። ዘግቼ እወጣለሁ።

አታሳድር ብለኸኝ ነበር። አውቃለሁ። አንድ ቁልፍ ነው የቀረው፣ ላክ የሚለው። ለምን እንዳልጫንኩት አላውቅም። ጣቴን አስቀምጬበት ነበር። ከላክሁት በኋላ እዚያ የምገባበት ጉዳይ አይኖረኝም። ያም ቢሆን ምክንያት አይሆንም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 1

ርችቱ ከመስኮታችን በደንብ ይታያል። እማዬ ተኝታለች።

የኤጀንሲው ቴክስት፦ በበዓል ቀን ለሚሠራ ሁለት እጥፍ። አልችልም አልኩ። መልካም አዲስ ዓመት ጁነይድ አሉህ። ለናንተም አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 8

ጋሼ አብዱልቃድር መጡ። የትራም ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ነበር፣ ከሺፍት ቀጥታ። የሞት ሰርተፊኬቱ በፖስታ ደርሷቸዋል፣ ላፕቶፕም ይዘዋል።

«ና ሪድዋን፣ አጠገቤ ሁን። የሰው ስም በየቢሮው ተንጠልጥሎ አይቀርም። በየወሩ ይጻፍበታል፣ የሟች እዳ ቀልድ አይደለም። ዛሬ እንዘጋለታለን።»

አንድ ድረ ገጽ አለ፣ እዚያ አንድ ጊዜ ካሳወቅክ ለሁሉም ያሳውቁልሃል። በሁለት ጣታቸው ነው የሚጽፉት። ስምህን ከሰርተፊኬቱ ላይ ፊደል በፊደል ገለበጡ።

«ባንኩ የትኛው ነው?»

ነገርኳቸው።

«ስልኩስ?»

ነገርኳቸው።

«ይሄ ስልክ በየወሩ ከባንክ ሲቆርጥ የነበረ ነው አይደል? አየህ፣ እንዲህ ያለው ነው እዳ የሚሆነው። ሌላ አለ?»

እማዬ ሻይ አምጥታ ነበር። አንስቼ ጠጣሁ። ትኩስ ነበር፣ ጨረስኩት።

«የለም» አልኩ።

ተጫኑት። «ተፈጸመ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ምኑ ነው የተፈጸመው?» አለች እማዬ ከወጥ ቤት።

«የልጅሽ ጉዳይ።»

«አላህ ይቀበልህ» አለቻቸው። እሳቸውም አሚን አሉ። ጥሩ ሰው ናቸው ጁነይድ። ይሄን ሁሉ የሚያደርጉት በሺፍትና በሺፍት መሃል ነው። ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አንተ ባትኖር እኔ ይሄን እንግሊዝኛ አልወጣውም ነበር» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 10

ስልክህ አገልግሎት የለም ይላል። እንደ ሰዓት ብቻ ሆኗል።

ወደ ኤክስቼንጁ ለመግባት ሞከርኩ። ኮድ ወደ ቁጥርህ ልከናል አለ። ጠበቅኩ። ደግሞ ላክልኝ አልኩ። ልከናል አለ። ደግሜ ሞከርኩ። ለዛሬ በዝቷል ነገ ሞክር አለኝ።

ሐሙስ ማታ ልልከው እችል ነበር። ዓርብ ጠዋትም ስልኩ ይሠራ ነበር። ዓርብ ጠዋት ገብቼ አይቼዋለሁ፣ እንኳን ተመለስክ ብሎኝ ወጥቻለሁ። ከሌባ ሁሉ ጠብቄው ነበር።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

ለኤክስቼንጁ ድጋፍ ክፍል ጻፍኩ፣ ባንተ ስም። ቁጥሬ ጠፋ አልኩ። መለሱ። ችግር የለም ጁነይድ፣ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ በካሜራ ፊትህን አሳየን፣ ቁጥሩን እንቀይርልሃለን።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 16

እማዬ ገበያ ስትሄድ ጥቁሩን ጃኬትህን ለበስኩ። ፀጉሬን እንዳንተ አደረግኩት። ሰው ሁሉ ይመሳሰላሉ ይላል፣ እኔ ታይቶኝ አያውቅም ነበር። መንጃ ፈቃድህን አገጬ ሥር ያዝኩና ጀምር የሚለውን ነካሁ።

ፊትህን ክቡ ውስጥ አድርግ አለ። አደረግኩ። ወደ ግራ ዙር። ዞርኩ። ወደ ቀኝ። ዞርኩ። ጥሩ ነው ጁነይድ፣ ሊያልቅ ነው አለ። ከዚያ፣ በሕይወት ያለ ሰው መሆንህን እንድናረጋግጥ ዓይንህን ጨፍንና ግለጥ አለ።

ዓይኔን ሳልጨፍን ቆየሁ። ጊዜህ አልቋል፣ እንደገና ሞክር አለኝ።

ጃኬቱን ቦታው ሰቀልኩት።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

የነስሪን ድምጽ፦ «ሪድዋንዬ፣ አላናደድኩህም አይደል? ሻጩ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚይዝልኝ። ከዚያ የሶማሌ ገዢ አለው፣ ለሱ ይሰጠዋል። ባንክ ማለት እንዲህ ነው ወይ አውስትራሊያ? የኛው ይሻላል። ለእናትህ ለዙሃራ አልነገርኳትም፣ አብሽር።»

ባንክ ነው አልኳት ደግሜ።

እማዬ ሻንጣ እያዘጋጀች ነው። ፓምፑ ሲተከል እዚያ ልትሆን ትፈልጋለች። ቲኬቱን እነ ጋሼ ገዙላት። በዱባይ ነው የምታልፈው፣ ነስሪን ኤርፖርት ትቀበላታለች።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 25

ዛሬ ልነግራት ነበር። ሻንጣው ላይ ተቀምጬ እንድዘጋላት ጠራችኝ። ተቀመጥኩ። እሷ ዚፑን ጎተተች።

«ከበድክ» አለችኝ። «ወንድምህ ነበር እንዲህ የሚጫንልኝ።»

«እማ።»

«አቤት የኔ ጌታ።»

«ፓስፖርትሽን ከላይ አድርጊው።»

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 27

ኤርፖርት። ጋሼ ነዱ። በመንገድ ላይ በመስታወት እያዩን ጠየቁ።

«የፓምፑ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ሄደ?»

«ሪድዋን ጨርሶታል» አለች እማዬ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ በእሱ ስም ነው የላከው።»

«በማን ስም?»

«በልጄ።»

ጋሼ ሪድዋን ማለቷ መሰላቸው። «ጎበዝ ነው» አሉ።

በሩ ላይ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «ውሃው ሲፈስ ቪዲዮ አደርግልሃለሁ። አንተ ብቻ ብላ። ጋሼህ ጋ እደር።» ቤት እሆናለሁ፣ ከነገ ወዲያ ትምህርት ይጀመራል፣ መጽሐፎቼ እዚያ ናቸው አልኳት። ጋሼ ቤት አደረሱኝ። ልግባና ላስተኛህ ወይ ብለው ቀለዱ። ደህና እደሩ አልኳቸው።

ነገ በኛ እኩለ ቀን ግድም ዱባይ ትደርሳለች። ነስሪን ታገኛታለች።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 28

ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። ሱብሂን ብቻዬን ሰገድኩ። ድምጼን ከፍ አድርጌ ልቀራ ስል ለማን ነው አልኩ፣ ግን ቀራሁ። ከዚያ የእማዬን ክፍል መጋረጃ ከፈትኩ፣ ሳህኖቹን አጠብኩ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

በድጋፍ ክፍሉ ገጽ ታች በኩል አንድ መስመር አለ፣ ቀድሞም አይቼው ነበር። የአካውንቱ ባለቤት ከዚህ ዓለም ከተለየ እዚህ ያሳውቁ ይላል። ነካሁት። የባለቤቱ ስም፦ ጁነይድ። ዝምድናዎ፦ ወንድም። አካውንቱን ከሞቱ በኋላ የተጠቀመበት ሰው አለ? አዎ አልኩ። ማን? ሪድዋን፣ እኔ። ሰርተፊኬቱን አያይዝ ሲለኝ ሰርተፊኬቱ ጋሼ ጋ መሆኑ ትዝ አለኝ።

በሃምሳ ሰባት ትራም አስኮት ቬል፣ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጋሼ የከሰዓት ሺፍት ነበራቸው፣ በፒጃማ እንቁላል እየጠበሱ ነው የከፈቱልኝ።

«ምን ሆንክ? ቤቱ አስፈራህ?»

«ጁነይድ ሞቷል» አልኳቸው። «ገንዘቡ ደግሞ እሱ ስም ላይ ነው ያለው። ግማሹ።»

መጥበሻውን ይዘው ቆሙ። «መሞቱን አውቃለሁ» አሉ። «ገንዘቡን ነው የማላውቀው። ቁጭ በል።»

ነገርኳቸው። ካርዱን፣ ሰንሻይንን፣ ስልኩን። ቆመው ነው የሰሙኝ።

«ያን ቀን አጠገቤ ነበርክ። ሌላ አለ ወይ ብዬ ጠይቄሃለሁ።»

«አዎ።»

«የኔ ልጅ፣ እቆጣሃለሁ ብለህ ነው?»

«አይደለም። ስገባ እንኳን ተመለስክ ይላል።»

«ማንን?»

«ጁነይድን።»

ጋሼ እሳቱን አጠፉ። ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ ሰርተፊኬቱንና መነጽራቸውን ይዘው መጡ። እማዬ እንደ ወራሽ መፈረም እንዳለባት፣ ወረቀቱ ወራት ሊወስድ እንደሚችል አነበብን፣ እኔ በእንግሊዝኛ፣ እሳቸው ደግሞ ራሳቸው ለራሳቸው በአማርኛ።

ለነስሪን ድምጽ ላክሁ። ባንኩ አልያዘውም፣ እኔ ነኝ የያዝኩት አልኳት። እማዬ ስትወርድ ምንም ሳትነግሪያት ስልኩን ስጫት፣ ራሴ እነግራታለሁ አልኩ። ድምጼ ደህና ነበር፣ መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ ተቆረጠ። ደግሜ ልቅዳው ስል ጋሼ «ተወው፣ ይሂድ» አሉ።

«ለረመዳን አይደርስም» አልኳቸው። «ፓምፑንም ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«ሌላ ፓምፕ ይሠራል። ረመዳን ካለፈ በኋላ ውሃ አይጠጣም ያለህ ማነው?»

እንቁላሉን ለሁለት ከፈሉት። በላሁ። ጨው አልነበረውም።

ከዚያ ሰርተፊኬቱን ፎቶ አንስተን አያያዝነው። የቀረች አንዲት ባዶ ሣጥን ነበረች፣ የሞት ቀን የምትለዋ፣ እሷ ካልተሞላች አያልፍም። ጋሼ ወረቀቱን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው ሊያነቡልኝ ጀመሩ። አያንብቡት አልኳቸው፣ አውቀዋለሁ። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ኖቬምበር አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ማክሰኞ ነበር።